የልጅ ልጄን ሞጣ ወስደን ንግግሯን ያስመረመርን ጊዜ

ልጄ ከፍቼ ወደ ቢቸና ጤና ጣቢያ ተዛውራ የመጣች ጊዜ ባሏ እዚያው ቀረ። የከብት ሐኪም ነው፤ የእሱ ዝውውር ገና አልተፈቀደለትም ነበር። ልጃቸውን ግን ይዛት መጣች። አራት ዓመት የሆናት፣ ዓይኗ ጎላ ያለ፣ ረጋ ያለች ልጅ ናት። እናቷ ነርስ ስለሆነች ፍቼ ሳለች ቀንም ሌሊትም ተረኛ ነበረች፤ ልጅቷን ያሳደጓት አባቷና የአባቷ እናት ናቸው። የሰላሌ ሰዎች ናቸው፣ በቤታቸው የሚነገረው ኦሮምኛ ነው። አማርኛ የምትሰማው ከእናቷ ብቻ ነበር፣ እሱም እናቷ ቤት ስትገኝ። ስለዚህ ወደ እኔ ስትመጣ ኦሮምኛዋ እንደ ክረምት ወንዝ ይወርዳል፤ አማርኛዋ ግን ጠብ ጠብ ነው የሚል።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት ቢቸና የከብት ገበያ ውስጥ ነው። ስገዛ፣ ስሸጥ፣ ሰው ሲገበያይ መሀል ገብቼ ሳስማማ ኖሬ አሁን እግሬ ሲደክም ቤት ገባሁ። ባለቤቴን እግዜር ከወሰዳት ቆይቷል። ቤቱ ጭር ብሎብኝ ነበርና እነሱ ሲመጡ ደስ አለኝ። ልጅቷ ድመቴን አዱሬ ብላ ትጠራታለች። ውኃ ሲጠማት "አባባ፣ ቢሻን ስጠኝ" ትለኛለች፤ እኔም ቢሻን እሰጣታለሁ። ቢሻን ውኃ መሆኑን ለማወቅ ተማሪ ቤት መግባት አያሻም፤ ኩባያ ይዛ ጀሪካኑ አጠገብ ቆማለች።

እናቷ ትቆጣታለች። "አባባን አንተ አይባልም፣ አንቱ በያቸው።"

"ተያት" እላታለሁ። "ለእግዜርም አንተ ነው የሚባለው።"

በዚህ ብተዋትም ሌላውን ሥርዓት ማስተማር ግን የእኔ ድርሻ ነው ብዬ ያዝኩ። እኛ ስናድግ ልጅ ሰው ፊት አይቀባጥርም ነበር። እንግዳ ሲገባ ብድግ ይላል፣ እጅ ይነሳል፣ ከምሰሶው ሥር ይቆማል። እንግዳው ቢጠይቀው እንኳ መጀመሪያ የቤቱን ትልቅ ሰው ዓይን ያያል፤ ትልቁ ሰው ተናገር ካለው ይናገራል፣ ካላለው ዝም ይላል። ይህን ለልጅቷ አስተማርኳት። ልጅና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው ቶሎ ያዘችው። ጎረቤት ሲመጣ ተነስታ ሁለት እጇን አጣምራ ትቆምና ዓይኔን ታያለች። "በይ ንገሪያቸው" ስላት ስሟን ትናገራለች፣ ዝቅ ብላ እጅ ትነሳለች፣ ዝም ትላለች። ያየ ሁሉ "የጨዋ ልጅ" ይላል። እኔም ደረቴ ይነፋል፤ ምን ልደብቅ።

ከዚያ ኬጂ ገባች። ቤታችን ቅርብ ስለሆነ የማመላልሳት እኔ ነኝ። ጥቂት ጊዜ እንደቆየች አንድ ቀን ላመጣት ስሄድ መምህርቷ "አባባ፣ አንዴ ይቀመጡልኝ" አለችኝና ለልጅ የተሠራች ወንበር ሰጠችኝ። ተቀምጬ ጉልበቴ ጆሮዬ ጋ ደረሰ። መምህርቷ ልጅ እግር ናት፤ ልጆቹን ትወዳቸዋለች፣ ክፉ ናት ልል አልችልም።

"የልጅዎ ልጅ አትናገርም" አለችኝ።

"ቤት ትናገራለች።"

"እዚህ አትናገርም። ሥዕል አሳይቻት ይህ ምንድን ነው ስላት ዝም። ምን ትፈልጊያለሽ ስላት ዝም። አንዳንዴ አንድ ቃል ብትተነፍስ ኦሮምኛ ነው። ከእኩዮቿ ወደ ኋላ ቀርታለች፣ አባባ። ሁለቱ ቋንቋ ተምታቶባት ይመስለኛል።"

"ታዲያ ምን ይደረግ?"

"ከታናናሾቹ ክፍል ላስገባት አስቤያለሁ። ቤት ውስጥም በአማርኛ ብቻ አነጋግሯት። አባቷም ጭምር። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባል የለ?"

"እሱ ለእግር ነው" አልኳት። "ምላስ ዛፍ ሲወጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?"

ሳቀች። ትሳቅ እንጂ ሐሳቧን አልለወጠችም። እሷም ድርቅ ያለች ናት፣ እኔም እንዲሁ ነኝ፤ ሳንስማማ ተለያየን።

እቤት ገብቼ ለልጄ ስነግራት እኔ እንደቀለድኩት አልቀለደችም። ፊቷ ተለወጠ።

"ቤት ውስጥ ከድመቷ ጋር ስትለፈልፍ አትሰሚም?" አልኳት።

"አባባ፣ እኔ በሥራዬ ብዙ ልጅ አይቻለሁ። ቀድሞ ቢታይ የሚስተካከል ነገር፣ ደህና ነው ደህና ነው እየተባለ ጊዜው ሲያልፍ አይቻለሁ። እርስዎ የሚያውቁት ከብት ነው።"

"የበሬን ጥርስ ገልጬ ዕድሜውን እነግርሻለሁ።"

"ልጄ በሬ አይደለችም።"

የዚያን ዕለት ማታ ለባሏ ደወለችና መምህርቷ ያለችውን ነገረችው፤ ከዛሬ ጀምሮ ከልጅቷ ጋር በአማርኛ ብቻ ተነጋገር አለችው። እሱም እሺ አለ። ለልጁ ይበጃታል ከተባለ ምን ይበል?

የሆነውን ልንገራችሁ። ሰውየው በየማታው ይደውል ነበር። የሚደውልበት ሰዓት ሲደርስ ልጅቷ ስልኩ አጠገብ ትቀመጣለች። ሲጮህ "አባኮ!" ብላ ትነጥቀዋለች፤ አባቴ ማለቷ ነው። ከዚያ የማይነገር የለም። ስልኩን ይዛ ጓሮ ትወጣለች፣ ዶሮዋን በስልኩ ካሜራ ታሳየዋለች፣ የእኔን ምርኩዝ ታሳየዋለች፤ እሱ ይስቃል፣ እሷ ትስቃለች። እኔ አንዱንም ሳልሰማ እስቃለሁ። በአማርኛ ብቻ ከተባለ በኋላ ግን እንዲህ ሆነ፤

"ደህና ነሽ?"

"ደህና።"

"በላሽ?"

"በላሁ።"

ከዚያ ዝም። ሰውየው አማርኛ አያጣም፤ ከእኔ ጋር ስለ ከብት ሲከራከር አፌን ያስይዘኛል። ከልጁ ጋር ግን የሚጫወትበት፣ የሚያቆላምጥበት፣ የሚያስቅበት ቃል ሁሉ በእናቱ ቋንቋ ነው ያለው። በአማርኛ ሲያናግራት እንደ ቀበሌ ሰው ሆነባት። ጥቂት ቀን እንዲህ ከሆነ በኋላ ስልኩ ሲጮህ ልጅቷ አላነሳም አለች። ድመቷን አቅፋ ዞር አለች። ልጄ "ተኝታለች" ብላ ዋሸችለት። አባትና ልጅ በአንድ ስልክ ተይዘው የነበሩ ናቸው፤ እሱም ሊበጠስ ነው ብዬ እኔ ያዘንኩት ያን ማታ ነው። ስለ ክፍሉ እንኳ ብዙ አላሰብኩም ነበር። ከትንንሽ ልጆች ጋር ብትቀመጥ አትሞትም። አባቷን ከረሳች ግን ማን ይመልስላታል?

ልጄም ይህን አይታ ነው መሰለኝ መጠየቅ ጀመረች። የሥራ ባልደረባዋ ሞጣ ውስጥ የልጆችን ንግግር የምታይ ባለሙያ አለች አለቻት። በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የተቀመጠች የልዩ ፍላጎት መምህርት ናት። "እሷ ተዉ ካለች ኦሮምኛውን እንተዋለን፣ አትተዉ ካለች አንተውም። እርስዎም ይስማሙ" አለችኝ ልጄ። እሺ አልኳት። በልቤ ግን፣ ተዉ ካለች እጣላታለሁ ብዬ ነበር።

ማልደን በሚኒባስ ተነሳን። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት። ደብረ ወርቅን እስክናልፍ ድረስ በመስኮቱ እያየች በግ ስታይ ሆላ፣ አህያ ስታይ ሀሬ ትላለች፣ ለራሷ ነው የምትነግረው። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ነጋዴ ሰማትና "አባቴ፣ ይህች ልጅ ከየት አገር ናት?" አለኝ።

"ከእኔ ቤት።"

"አይ፣ ቋንቋዋ ማለቴ ነው።"

"ቋንቋዋም ከእኔ ቤት ነው። አንተ ሀሬ ምን እንደሆነ አታውቅም?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው እሷ ትበልጥሃለች" አልኩት። ሰው ሳቀ፤ እሱም ደግ ሰው ነው፣ አብሮ ሳቀና ለልጅቷ ሙዝ ሰጣት። ሙዙን ከመቀበሏ በፊት ዓይኔን አየች። "ተቀበይ" አልኳት፣ ተቀበለች።

ሞጣ የደረስነው ብርዱ ገና ሳይለቅ ነው። ባለሙያዋ ያለችበትን ክፍል ጠይቀን አገኘነው። ጎልማሳ ሴት ናት፣ ሹራብ ደርባለች፣ ጫማዋን አውልቃ መሬት ላይ በተነጠፈ ምንጣፍ ተቀምጣለች። መምህር የተባለ ሰው መሬት ሲቀመጥ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ አልጣመችኝም። ለእኔ ወንበር ሰጠችኝ፣ ያውም የትልቅ ሰው ወንበር፤ በዚህ ጥቂት ታረቅኋት።

መጀመሪያ እናቷን ጠየቀቻት። መቼ ቆማ ሄደች፣ መቼ አፏን ፈታች፣ ጆሮዋን አሟት ያውቃል ወይ፣ ጠዋት ከማን ጋር ናት፣ ከሰዓት ከማን ጋር፣ ማን በምን ቋንቋ ያናግራታል። እኔ ይህ ሁሉ ምን ያደርግላታል እያልኩ ነበር። ቀጥሎ ከልጅቷ ጀርባ ሄዳ ባቄላ ያለበት ቆርቆሮ ቀስ አድርጋ ነቀነቀች፤ ልጅቷ ዞረች። ራቅ ብላ ስሟን በሹክሹክታ ጠራች፤ ዞረች። "ጆሮዋ ይሰማል" አለች። ይህን እኔም መንገር እችል ነበር፤ ቤት ውስጥ የብስኩት ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ከጓሮ ትመጣለች።

ከዚያ ሥዕል አወጣች። ድመት ናት።

"ይህች ምንድን ናት?"

ልጅቷ ዝም። ዓይኔን አየች።

"ምንድን ናት የኔ ቆንጆ?"

ዝም። እንደገና ዓይኔን አየች። እኔም ልጅቷ ስትጨነቅ ማየት አልቻልኩም። "ድመት ናት" አልኳት ባለሙያዋን። "ታውቃታለች፣ ቤታችን አለች። ደግሞስ አንቺ እያየሻት ለምን ትጠይቂያታለሽ?"

"አባባ!" አለች ልጄ።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። "እውነትዎን ነው አባቴ፣ አንዳንድ ልጅም እንደዚሁ ይለኛል" አለችና ሥዕሎቹን ወደ ጎን አደረገች። ከአንድ ከረጢት ዕቃ ዘረገፈች፤ ኩባያ፣ ማንኪያ፣ ጨርቅ፣ ከጭቃ የተሠሩ በግና ላም። "ነይ እንጫወት" አለቻት። ልጅቷ በጉን በዓይኗ በላችው። እጇ ግን አልተንቀሳቀሰም፣ ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ።

ባለሙያዋ አንዴ እሷን አንዴ እኔን አየችና "ለምንድን ነው እርስዎን የምታየው?" አለችኝ።

እኔም በኩራት አስረዳኋት። እንግዳ ፊት ልጅ ሳይፈቀድለት አይናገርም፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት፣ አገሩ ሁሉ አመስግኗታል አልኳት። ጨርሳ ሰማችኝ።

"ጥሩ አስተዳደግ ነው" አለች። "በሉ እንግዲህ ፈቃድ ይስጧት።"

"ተናገሪ" አልኳት ልጅቷን።

ብድግ አለች። እጇን አጣመረች። ስሟን ተናገረች፣ ዝቅ ብላ እጅ ነሳች፣ ዝም አለች። ባለሙያዋ አፏን በሹራቧ ሸፍና ሳቀች፤ ልጄም ያን ሁሉ ጭንቀት ይዛ ሳቀች። እኔ ግን ምኑ እንዳሳቃቸው አልገባኝም ነበር፤ ልጅቷ የታዘዘችውን ነው ያደረገችው።

"አባቴ" አለች ባለሙያዋ፣ "እርስዎ እዚህ እስካሉ ድረስ እኔ የምመረምረው እርስዎን ነው። ጥቂት ውጭ ይቀመጡልኝ።"

ወጣሁ። ደስ ብሎኝ አልወጣሁም። መስኮቱ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። የግቢው ጥበቃ፣ እሱም የእኔ እኩያ ነው፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ መጣ።

"ከክፍል አስወጡህ?" አለኝ።

"አዎ።"

"ረብሸህ ነዋ።"

"መልስ ነገርኩ።"

"እሱ ነው የባሰው" አለኝና አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ቄስ ትምህርት ቤት ጥቂት ፊደል ቆጥሬ የተውኩ ሰው ነኝ፤ ከክፍል ስባረር ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለእሱ እንዲህ ስለው "እሰይ፣ ሳትማር ማለፍህ ነበር እኮ" አለኝ።

መስኮቱ ገርበብ ብሎ ስለነበር ውስጡ ይሰማል። መጀመሪያ የባለሙያዋ ድምፅ ብቻ ነበር። አትጠይቅም፤ ለራሷ እንደምታወራ "በጉ ራበው መሰለኝ... ምን ላብላው?" ትላለች። ቆይቶ ትንሽ ድምፅ መጣ። "አይራበውም። አሞታል" አለች የእኔዋ። በአማርኛ ነው ያለችው። ከድንጋዩ ልነሳ ስል ጥበቃው ካፖርቴን ይዞ አስቀመጠኝ። "አፏን አትዝጋባት" አለኝ።

ትንሽ እንደቆየ ባለሙያዋ ልጄ ለባሏ እንድትደውል አደረገች። ስልኩን ስፒከር ላይ አደረጉት። የሰውየው ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። ባለሙያዋ "በቋንቋዎ ያናግሯት፣ ምን እያደረገች እንደሆነ ይጠይቋትና ያለችውን ይንገሩኝ። ግን አይርዷት" አለችው። እሺ አለ። ከዚያ በኦሮምኛ አንድ ነገር አላት።

እንግዲህ ያን ጊዜ የሆነውን እኔ ቋንቋውን ሳላውቅ እንዴት ብዬ ልጻፈው። ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ እንዴት ነው? እንደዚያ ነው የወረደችው። ትናገራለች፣ ትጠይቃለች፣ ትቆጣለች፣ ትስቃለች። እሱ መተርጎሙን ረስቶ አብሯት ይስቃል። ባለሙያዋ "ምን አለች?" ስትለው ነው የሚመለሰው። በጉን አፉን ከፍታ አየችው፤ ትኩሳት አለው አለች። በማንኪያው እጀታ መርፌ ወጋችው። አንተ እግሩን ያዝልኝ፣ እኔ እወጋዋለሁ፣ ባለቤቱ ደግሞ እስከ ነገ ውኃ አያጠጣው አለች። ሰውየው ይህን ተረጎመና ቀጠለ። "ይዣት እዞር ነበር" አለ። "ገበሬው ቤት ስሄድ መርፌውን የምታቀብለኝ እሷ ናት።" አንዴም በመሀል ልጅቷ ቃል ሲጠፋት ቀስ ብሎ አቀበላት፤ ባለሙያዋ "አይርዷት ብዬ ነበር" አለችው። "ይቅርታ፣ አፌ አምልጦኝ ነው" አለ። አባት ነው፣ ምን ያድርግ።

በኋላ ጠሩኝ። ልጅቷ ምንጣፉ ላይ በጉን በጨርቅ ጠቅልላ አስተኝታዋለች። ባለሙያዋ ለእናቷና ለእኔ እንዲህ አለችን።

"በአማርኛ ብቻ ብመዝናት ከእኩዮቿ ታንሳለች። በኦሮምኛ ብቻ ብመዝናትም የሚጎድል አለ፤ ስለ ልብስ፣ ስለ መታጠብ፣ ስለ መኝታ የምታውቀው ከእናቷ ነውና አማርኛ ነው። ስለ ከብትና ስለ መድኃኒት የምታውቀው በአባቷ ቋንቋ ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ሳደርገው ግን ለአራት ዓመት ልጅ ሙሉ ነው። የሆነ ታሪክ ጀምራ ትጨርሳለች፣ የነገሯትን ትረዳለች፣ ያልገባትን ትጠይቃለች።"

"ችግር ቢኖርባት ኖሮ በምን ታውቂው ነበር?" አልኳት። ልፈትናት ብዬ አይደለም፣ ማወቅ ፈልጌ ነው።

"በሁለቱም ይታይ ነበር፣ አባቴ። በአንዱ ቋንቋ እየሮጠች በሌላው የምታነክስ ከሆነ ያኛውን ገና አልለመደችውም ማለት ነው። እግሯ ቢታመም በሁለቱም ነው የምታነክሰው። ጨ የሚለው ድምፅ ለምሳሌ በሁለቱም ገና በደንብ አይወጣላትም፤ እሱም በዚህ ዕድሜ ብዙ ልጅ ላይ ያለ ነው። ጥቂት ወር ቆይታችሁ አምጡልኝና አየዋለሁ።"

ልጄ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ "ታዲያ አባቷ በአማርኛ ያናግራት?" አለች።

"አባቷ ቃል በሚሞላለት ቋንቋ ያናግራት። አማርኛውን እናንተ አላችሁ፣ ጎረቤቱ አለ፣ ትምህርት ቤቱ አለ። እሱን ዝም ካሰኛችሁት ከእሱ ሌላ የሚሰጣት የለም።"

ልጄ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ከባለሙያዋ ጋር ለመጣላት ያዘጋጀሁት ነገር ሁሉ ሥራ ፈታ።

"ለእርስዎም ጥያቄ አለኝ" አለችኝ ቀጥላ። "ሰው ፊት ስትናገር እርስዎን አይታ ነው። ትምህርት ቤት እርስዎ የሉም። እዚያ ማንን ትይ?"

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልጅቷ ኬጂ ውስጥ ያን ሁሉ ጊዜ ፈቃጅ ስትፈልግ ነው የኖረች። መምህርቷ ስትጠይቃት ዞር ብላ ታያለች፤ እኔ የለሁም፤ ስለዚህ ዝም ትላለች። የታዘዘችውን ነው ያደረገችው፣ አንድም አላጠፋች።

"ሥርዓቱን አልሽርም" አልኳት ባለሙያዋን።

"አይሻሩ። ፈቃዱን ለመምህርቷ ያስረክቧት። መምህርቷን እኔ ደውዬ አነጋግራታለሁ።"

ይህ ገባኝ። ከብት ሲሸጥ ገመዱን በእጅህ ይዘህ በገዢው እጅ ታስረክባለህ፤ ከዚያ ወዲያ ከብቱ የማን እንደሆነ ጥያቄ የለም።

ቢቸና እንደተመለስን በማግስቱ ካፖርቴን አጥልቄ፣ ምርኩዜን ይዤ ልጅቷን ኬጂ ወሰድኳት። መምህርቷ በር ላይ ነበረች። የልጅቷን እጅ ይዤ በመምህርቷ እጅ ውስጥ አኖርኩት። "ከዛሬ ጀምሮ" አልኳት ልጅቷን፣ "እዚህ ግቢ ውስጥ ፈቃጅሽ እሷ ናት። ስትጠይቅሽ የእኔን ዓይን አትፈልጊ። ተናገሪ ስትልሽ ተናገሪ፣ ሳትልሽም የምትይው ካለሽ በያት።" ልጅቷ አንዴ እኔን አንዴ እሷን አየች። መምህርቷ ሳቋን ዋጥ አድርጋ በሥርዓት "ተቀብያለሁ አባባ" አለችኝ። ሞጣ ያለችው ባለሙያ ደውላላታለች።

ልጅቷ በአንድ ቀን አልተለወጠችም፤ እንዲያ ብል ውሸት ይሆናል። ሰነበተች። መጀመሪያ ጎኗ ለምትቀመጠው ልጅ፣ ኋላ ለመምህርቷ መናገር ጀመረች። መምህርቷ ከታናናሾቹ ክፍል የማስገባቱን ነገር ተወችው። አንድ ቀን በር ላይ ስጠብቅ ክፍሉ በሙሉ "አዱሬ!" ሲል ሰማሁ። መምህርቷ ድመት በአባቷ ቋንቋ ምን እንደምትባል ጠይቃት ነው። መምህርቷ ስትወጣ "ያ ሁለት ዛፍ ተወጣ ወይ?" አልኳት። "ሳይወጣ አልቀረም፣ ግን አንዳንዴ ቅርንጫፉ ላይ ሆና ትጮህብኛለች" አለችኝ። ቤት ግን እንግዳ ሲገባ አሁንም ብድግ ትላለች፤ እሱን አልተውኩም፣ አልተውምም።

ሞጣ ሁለተኛ ሄደን ጨ የሚለውም እየተስተካከለ መሆኑን ባለሙያዋ ነግራናለች። ጥበቃውን ፈልጌ ሰላም አልኩት፣ አብረን ጠላ ጠጣን።

የሰውየው ዝውውር እስካሁን አልመጣም። ማታ ማታ ግን ይደውላል፣ በቋንቋው ነው የሚያናግራት። ትናንት የሰማሁትን ጽፌ ላብቃ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ስታወራ ፊቷ ጭፍግግ አለ። ምን ሆነች ብዬ እናቷን ስጠይቃት፣ ፍቼ አንዲት ላም ወልዳ ጥጃዋን አላስጠባም ብላ እየረገጠችው ነው አለችኝ። እኔ ዝም ልል አልቻልኩም፤ ይህ የእኔ ሥራ ነው።

"ለአባትሽ ንገሪው" አልኳት ልጅቷን። "ጥጃው ጀርባ ላይ ጨው ይነስንሱበት። ላሚቱ ትልሰዋለች፣ ስትልሰው ትወደዋለች፣ ስትወደው ታስጠባዋለች።"

በኦሮምኛ ነገረችው። ሰውየው አማርኛ እንደሚያውቅ እኔም እሱም እናውቃለን፤ በእሷ በኩል ሲሆን ግን ለሁላችንም ይጣፍጣል። መልሱ በስልኩ ውስጥ ረዘም ብሎ መጣ። ልጅቷ ራሷን እየነቀነቀች ሰማችና ወደ እኔ ዞረች።

"ጡቷ አብጧል" አለችኝ። "ጥጃው ሲጠባ ያማታል። አባኮ ነገ መርፌ ይወጋታል።"

"አንቺስ ምን ትያለሽ?" አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ጥቂት አሰበች። "እኔም መርፌ እላለሁ።"

"ጨውም አይጎዳም በይው" አልኳት።

ነገረችው።